ራስ ደጀን በአራት ቀን ይወጣል? ጥያቄዬና የመጡልኝ 27 መልሶች

የመክፈቻ ጽሑፍ

ሰላም ለሁላችሁም። ይህን ጥያቄ ለዓመታት በሆዴ ይዤው ቆይቻለሁ። ዛሬ ላውጣው።

በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. አምስት ሆነን ራስ ደጀንን ልንወጣ ሄድን። ጉዞውን ያዘጋጀልን ድርጅት አራት ቀን ይበቃል አለን። አመንነው። ሁላችንም ሥራ ላይ ነበርን፤ ረጅም ፈቃድ ማግኘት ከባድ ነው። ከጎንደር በጠዋት በመኪና ተነሳን። ደባርቅ ላይ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት ተመዘገብን፤ ስካውት፣ ማለትም የፓርኩ ጠባቂ፣ ተመደበልን። ከደባርቅ በኋላ ያለችውን ማደሪያ፣ ሳንቃ በርን፣ በመስኮት አይተናት አለፍን። አመሻሽ ላይ ጨነቅ ደረስን። ጨነቅ 3,620 ሜትር ላይ ነው። ያን ሌሊት ከመካከላችን ደህና እንቅልፍ የተኛ አልነበረም።

በማግስቱ 4,200 ሜትር ገደማ የሆነውን የቧሂት መሻገሪያ አለፍን። ከዚያ ቁልቁል፣ ጭሮ ለባን አልፈን፣ እስከ መሸሃ ወንዝ ወረድን። ወንዙ 2,800 ሜትር ላይ ነው። ጉልበታችንን የጨረሰው እሱ ቁልቁለት ነው። ከወንዙ ደግሞ እንደገና ሽቅብ ወደ አምቢቆ፣ 3,200 ሜትር። ስንደርስ ጨልሟል።

ያን ሌሊት አንዷ ጓደኛችን ታመመች። ራሷን ይፈልጣታል፣ ያስመልሳታል። የጠጣችው ውሃ እንኳ አልረጋላትም። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ሦስቱ ጓደኞቻችን ከአስጎብኚውና ከስካውቱ ጋር ወደ ጫፉ ወጡ። እኔ ከእሷ ጋር ቀረሁ። ከእኛ ጋር የነበሩት አንድ ሸምገል ያሉ ባለበቅሎ ብቻ ናቸው።

ሲነጋ እሳቸው በበቅሎ ጭነው ወደ መሸሃ አወረዷት። ወንዙ ዳር ትንሽ ተሻላት፤ ሻይም ጠጣች። ጭንቁ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። መኪናው ያለው ጨነቅ ነው። ጨነቅ ለመድረስ ያንኑ 4,200 ሜትር እንደገና መውጣት አለብን። ከፍታ ያመመው ሰው ውረድ ይባላል። እኛ ግን ለመውረድ መጀመሪያ መውጣት ነበረብን።

እንደምንም ወጣን። ዛሬ ደህና ናት፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እኔ ግን ሁለት ነገር ከውስጤ አልወጣልኝም። መለያየታችን ትክክል ነበር ወይ? ሁለተኛው ጥያቄ ሳይሆን እምነት ነው። ራስ ደጀንን በአራት ቀን ብሎ መሸጥ መቆም አለበት። ከተሳሳትኩ አርሙኝ።

መልሶቹ

ክሩ፣ ማለትም የመልሶቹ ሰንሰለት፣ ረዝሟል። ዘግይታችሁ ለምትመጡ የተጻፈውን በራሴ ቃል ልንገራችሁ።

1. የመጀመሪያው መልስ ጨዋ ነበር። ጸሐፊው በስምንት ቀን ወጥቶ የተመለሰ ሰው ነው። ከደባርቅ በእግሩ ነው የተነሳው። ሳንቃ በር 3,250 ሜትር ላይ አደረ። ቀጥሎ ግጭ፣ 3,600 ሜትር። ከግጭ በቀን እሜት ጎጎ ላይ፣ 3,926 ሜትር ድረስ ወጣና ጨነቅ ወርዶ ተኛ። ቧሂት ሲደርስ ሰውነቱ ከፍታውን ለምዶት ነበር። እኛ በመስኮት አይተን ያለፍናት ሳንቃ በር ለእሱ ግማሽ መድኃኒት ሆናለች።

2 እና 3. አንዲት እህት ስለ ልብስ ጠየቀች፤ እኔ መለስኩላት። በታኅሣሥና በጥር ሌሊቱ ውሃ ያረጋል። ጥሩ የመኝታ ከረጢት፣ ኮፍያና ጓንት ግድ ነው። ጋቢም አይጎዳም። ብዙ ሰው ቀን ላይ ፀሐዩ ስለሚያቃጥል ይታለላል።

4. ይህን መልስ ሁለት ጊዜ አንብቡት። የጻፈው የጤና ባለሙያ ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ የምንተኛበት ቦታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ ከፍ እንዳይል ይመክራል። በየሦስት አራት ቀኑም አንድ የዕረፍት ቀን ያስፈልጋል። እኛ ከጎንደር ተነስተን በአንድ ቀን 1,500 ሜትር ገደማ ዘለን ጨነቅ ተኝተናል። ራስ ምታት ብቻውን የተለመደ ነው፤ ሰው ባለበት ያርፋል፣ ውሃ ይጠጣል። ራስ ምታቱ ላይ ማስመለስ ከተጨመረ ግን እስኪሻለው ወደ ላይ አንድ እርምጃ አይሄድም። የሰከረ ይመስል መንገዳገድ ወይም መቀባዠር ከታየ፣ ወይም ሰውየው ተቀምጦ እያለ ትንፋሽ ካጠረው፣ ሌሊትም ቢሆን ይወርዳል። ተረከዝን ከጣት እያገናኙ በቀጥታ መስመር ማስኬድ ቀላል ፈተና ነው ይላል። ዳያሞክስ የሚባለው ክኒን ሰውነት ቶሎ እንዲለምድ ያግዛል፣ ግን መውረድን አይተካም። ሰልፋ የሚባሉት መድኃኒቶች የማይስማሟቸው ሰዎች ሐኪም ሳይጠይቁ እንዳይወስዱትም አስጠነቀቀ።

ያን ሌሊት ከእኛ አንዳችንም ይህን አናውቅም ነበር። የራስ ምታት ክኒን ሰጥተናት ተኛን።

5. አንድ ሰው ሒሳቡን ሠራው። ከጨነቅ እስከ ቧሂት መሻገሪያ ሽቅብ 580 ሜትር። ከመሸሃ እስከ አምቢቆ 400። ከአምቢቆ እስከ ጫፍ 1,350። ሲመለሱ ከመሸሃ እስከ መሻገሪያው 1,400። ድምሩ ከ3,700 ሜትር በላይ ሽቅብ፣ ያም በሦስት ቀን። ቁልቁለቱን አልቆጠረም። እሱን ካነበብኩ በኋላ እኔ ራሴ ደነገጥኩ።

6. እዚህ ላይ ድምፁ ተቀየረ። አንድ ወጣት በአራት ቀን ወጥቶ ምንም እንዳልሆነ ጻፈ። የአዲስ አበባ ልጅ ደጋ ላይ ያደገ ስለሆነ ይህ ሁሉ ወሬ ለፈረንጅ ነው ባይ ነው። የደከመ ሰው መጀመሪያውኑ ባይሄድ ይሻላልም አለ።

7. ወዲያው ተመለሰለት። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ነው። ደባርቅ ላይ እንዳንቸገር ይረዳናል። ጫፉ ላይ ግን በእያንዳንዱ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን ባሕር ወለል ላይ ከምናገኘው ስድስት አሥረኛውን እንኳ አይሞላም።

8. የጤና ባለሙያው ተመልሶ መጣ። የከፍታ ሕመም ጉልበተኛና ደካማ አይለይም አለ። እንዲያውም ጎበዞቹ በፍጥነት ስለሚወጡ ብዙ ጊዜ ቀድመው የሚታመሙት እነሱ ናቸው። አንዴ ደህና የወጣ ሰው በሌላ ጊዜ ሊታመም ይችላል። ልጁ መልስ አልሰጠም።

ከ9 እስከ 12 ክሩ ወደ ሌላ ሄደ። አንዱ ትምህርት ቤት የተማርነውን 4,620 ሜትር አነሳ። ቀጣዩ አረመው፤ ዛሬ በብዛት የሚሠራበት 4,550 ነው፣ 4,533 እና 4,543 የሚሉም አሉ። ሦስተኛው ከዚህ ተነስቶ ከአፍሪካ አራተኛ ነን የምንለው ነገር እንደሚያጠራጥር አስረዳ። የታንዛኒያው ሜሩ ተራራ ከ4,560 ስለሚያልፍ በ4,620ው ነው የምንበልጠው፤ በአዲሱ ልክ እሱ ይበልጠናል። ይህ አንዳንዱን ሰው አስከፋ። እኔን አላስከፋኝም። ተራራው ቁጥሩ ስለተቀየረ አላጠረም።

12ኛው ደግሞ ስሙን አነሳ። ዳሸን የፈረንጅ አጻጻፍ ተመልሶ እኛው ላይ የተለጠፈ ነው፤ ትክክለኛው ደጀን ነው አለ። ደጀን ከኋላ ሆኖ የሚደግፍ ኃይል ነው። ባንኩም ቢራውም ዳሸን ብለው ስለተሰየሙ ስሙ ከተማ ውስጥ ሰፍሯል። እኔ ከእሱ ጋር ነኝ፤ አምቢቆ ላይ ሁሉም ሲጠራው የሰማሁት ደጀን ብሎ ነው።

13. አንድ የታሪክ ወዳጅ በ1841 እ.ኤ.አ. ፌሬ እና ጋሊኒዬ የሚባሉ ሁለት የፈረንሳይ መኮንኖች መጀመሪያ ጫፉን እንደረገጡ ጻፈ።

14. ይህ ቁጣ ቀሰቀሰ፤ ተገቢም ነው። የመለሰው ሰው ከጫፉ በታች የድንጋይ ምሽግ ፍራሽ እንዳለ አስታወሰ። ምሽግ የሠራ ሰው ቀና ብሎ ጫፉን ሳያየው፣ ወጥቶም ሳይቃኘው አይቀርም። ከብት ጠባቂ ልጆች በጎማ ጫማ የሚሮጡበትን ተራራ ሁለት ሰዎች ከባሕር ማዶ መጥተው ጀመሩት መባሉ አሞታል። 13ኛው በትሕትና ተቀበለ። ማለት የነበረበት በጽሑፍ የተመዘገበ የመጀመሪያው የውጭ ሰዎች ጉዞ እንደሆነ ጨመረ። በዚህ ተስማሙ።

15. ከደባርቅ የመጣው መልስ ይህ ነው። ጸሐፊው ለዓመታት በአብሳይነት፣ ኋላም በአስጎብኚነት ሠርቷል። እኔን ተቆጣኝ፣ ግን እንደ ወንድም ነው የተቆጣኝ።

ጥፋቱን ሁሉ አዘጋጁ ላይ መጣሌ ልክ አይደለም አለ። ስምንት ቀን ያስፈልጋል ያለ አስጎብኚ እንግዳውን ያጣል። እንግዳው አራት ቀን ወዳለው ይሄዳል። ስለዚህ ሁሉም አራት ማለት ይጀምራል። እኛ ዋጋ ስንጠይቅ መጀመሪያ የጠየቅነው በስንት ቀን አጥሮ እንደሚያልቅ ነው። ይህን ሳነብ አፈርኩ። በእርግጥም እንደዚያ ነው የጠየቅነው።

ስለ አስጎብኚው ግን አልማረም። ሕመምተኛ ትቶ ጫፍ የሚወጣ አስጎብኚ ሥራውን አያውቅም። ቢያንስ ስካውቱን ከእኛ ጋር መተው ነበረበት። ከዚያ የሚጠቅም ነገር ነገረን። ከዕቃ ጫኞቹ ሌላ ባዶዋን የምትሄድ አንድ በቅሎ ሁልጊዜ መያዝ አለባት። ዋጋዋ ከጠቅላላው ወጪ ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው። በቧሂት በኩል ወደ ጃናሞራ የሚሻገር የመኪና መንገድ አለ። አስቀድሞ ከሹፌር ጋር የተነጋገረ ሰው መኪናውን ጨነቅ ድረስ ሳይሄድ እዚያው መሻገሪያው ላይ ያገኘዋል። በሽተኛ ይዞ ሲመጡ ሁለት ሦስት ሰዓት መቆጠብ ቀላል አይደለም።

16. አንዱ የጭላዳና የዋልያ ፎቶ ለጥፎ ሄደ። ጨነቅ ገደል አፋፍ ላይ ያነሳው ዋልያ ግሩም ነው። ማንም አልመለሰለትም፤ ምክንያቱም 17ኛው ወዲያው መጣ።

17. ከሦስቱ አንዱ ነው። ስሙን ሳይጽፍም ከአነጋገሩ አወቅኩት። ሰባት ዓመት ሙሉ ለአንዳቸውም ያልነገርኩትን ለማያውቁኝ ሰዎች መጻፌ እንዳቆሰለው ተናገረ። እሷ ራሷ ሂዱ እንዳለቻቸው፣ እኔም እቀራለሁ ብዬ በፈቃዴ እንደተነሳሁ፣ ይህን ግን ከመክፈቻው ጽሑፍ እንዳጠፋሁት ጻፈ። ጥሎ እንደሄደ ሰው መሳሌ ግፍ ነው አለ።

ቀጥሎ ስለ ጫፉ ጻፈ። ይህን ከእሱ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ከአምቢቆ ለአምስት ሰዓት ያህል ወጡ። መጀመሪያ የገብስ ማሳ፣ ከዚያ ጓሳና ጅብራ፣ ከዚያ ድንጋይ ብቻ። ላይ ሲደርሱ አንድ ከፍታ የሚመስሉ ሦስት ጉብታዎች አገኙ። የትኛው ደጀን እንደሆነ ማወቅ አልቻሉም። አስጎብኚው አንዱን አሳያቸው። የመጨረሻዋን አለት በእጅ ጭምር ነው የወጧት። እሱ ራሱን ክፉኛ ያመው ጀመር። ፎቶ ተነሱ። ቁልቁል እንዴት እንደወረደ ዛሬም በደንብ አያስታውስም። ወደ ታች ሲያይ ያሰበው እኛ መሸሃ ደርሰን ይሆን የሚለውን ነበር።

18. ይህ የእኔ ነው። ያለው ሁሉ እውነት ነው። ሂዱ ብላለች፤ እኔም ሂዱ ብያለሁ። መክፈቻው ላይ አለመጻፌ ጥፋቴ ነው። እዚያው ይቅርታ ጠየቅኩት፤ እዚህም እደግመዋለሁ። አንድ ነገር ግን አልተውኩም። ውሃ አልረጋላት ያለች ሰው ሂዱ ስትል ፈቃድ ሰጠች አይባልም። የሚወስነው ጤነኛው ነው። አምስታችንም ተሳስተናል፤ እኔም ከአምስቱ አንዱ ነኝ።

19. አንድ የማላውቀው ሰው 17ኛውን በኃይለኛ ቃል ዘለፈው። ራስ ወዳድ አለው፣ ሌላም ጨመረ። እዚህ አልደግመውም።

20. አንድ ትልቅ ሰው ገቡበት። ጽሑፋቸው የሽማግሌ ነው። የተጎዳችው ልጅ ሳትናገር እኛ በእሷ ስም ልንጣላ አይገባም አሉ። የልጁም የራስ ምታት የከፍታ ሕመም መጀመሪያ ስለነበር እሱም ታሞ ነው የወረደው፤ ያንን ያየለት ሰው እንዳልነበረ አስተዋሉ። ይህን እኔም አላስተዋልኩም ነበር። ዘላፊው ጽሑፉን አነሳ።

21 እና 22. ከዱባይ አንዲት እህት በሚቀጥለው ዓመት ልትወጣ እያሰበች ነው። የምትኖረው ባሕር ወለል ላይ ነው፤ ፈቃዷ ደግሞ አሥር ቀን። የጤና ባለሙያው ጎንደር ሁለት ሌሊት፣ ደባርቅ አንድ ሌሊት እንድታድር፣ ከዚያ በእግር እንድትቀጥል መከራት። ከአሥሩ ቀን ጫፉ ካልተገኘ እሜት ጎጎ ላይ ቆማ ብትመለስም ጉዞው ሙሉ ነው አላት። እሜት ጎጎ ላይ የቆመ ሰው ይህን ያውቃል።

23. ከእስራኤል የጻፈችው ወጣት ክሩን ጸጥ አሰኘችው። የአያቷ ወገኖች ከሰሜን ተራሮች የፈለሱ ቤተ እስራኤል ናቸው። አያቷ እዚያ ስለነበረው ብርድና ስለ ገብስ እንጀራ አውርተው አይጠግቡም። ልጅቱ ተራራውን በፎቶ እንጂ በዓይኗ አይታው አታውቅም። ቤተ እስራኤል በእነዚያ ገደሎች ላይ ለዘመናት ራሳቸውን ችለው እንደኖሩና እስከ አፄ ሱስንዮስ ዘመን ድረስ እንደተዋጉ የሚያውቁ ሰዎች በአክብሮት መለሱላት።

24. ብርድ ከተነሳ አይቀር ብሎ አንዱ ስለ በረዶ ጻፈ። በጥንቱ የቀይ ባሕር ወደብ በአዱሊስ የነበረው የድንጋይ ጽሑፍ ስለ ሰሜን ተራሮች ሲናገር ሰው እስከ ጉልበቱ የሚሰምጥበት በረዶ እንዳለ ይገልጻል። ኮስማስ የተባለው ነጋዴ በስድስተኛው ክፍለ ዘመን ገልብጦ ባያቆየው ጽሑፉ ጠፍቶ ይቀር ነበር። ዛሬ እንደዚያ ያለ በረዶ የለም። አልፎ አልፎ ግን ጫፎቹ ነጭ ሆነው ያድራሉ። ዕቃ ስታዘጋጁ ይህን አትርሱ።

25. የደባርቁ ሰው ተመለሰ። ፓርኩ በ1996 እ.ኤ.አ. አደጋ ላይ ካሉ የዓለም ቅርሶች ዝርዝር ገብቶ በ2017 ወጥቷል። ሲወጣ ተስፋ ነበር አለ። ከጦርነቱ ወዲህ ግን እንግዳ ቀንሶ ስንት ባለበቅሎ በቅሎውን ሸጧል። መሄድ የሚያስብ ሰው መጀመሪያ የመንገዱን ደኅንነት ደባርቅ ያለው ጽሕፈት ቤት ደውሎ እንዲያረጋግጥ፣ ሰላም ሲሆን ግን እንዳይቀር ለመነን። ጭሮ ለባ ላይ አንድ ቡድን ሲያድር ስንት ቤት እንደሚጠቀም ከተማ ያለ ሰው አያውቅም።

26. እሷ ጻፈች። አላሰብኩትም ነበር።

ራስ ምታቱ የጀመራት አምቢቆ ሳይሆን ጨነቅ ላይ፣ በመጀመሪያው ሌሊት ነው። ደበቀችው። እራት ላይ ሁላችንም ሰዓት እየቆጠርን ነበር፤ በስንት ሰዓት ተነስተን በስንት እንደምንደርስ። የአራት ሰው ጉዞ ያበላሸች ላለመባል ዝም አለች። አምቢቆ ላይ ሂዱ ያለችውም ለዚሁ ነው። ማንንም አትወቅስም። እኔንም ስለቀረሁ ብቻ ሳይሆን፣ ጫፉን እንዳላየሁ አንድም ቀን ስላላስታወስኳት አመሰገነችኝ። ይህን ሳነብ ስልኩን አስቀምጬ ወጣሁ።

ከዚያ ጉዞ ከሁሉ የሚታያት አንድ ነገር ነው። መሸሃ ዳር ስትንቀጠቀጥ ባለበቅሎው ጋቢያቸውን አውልቀው ጠቀለሏት። ሽቅብ እስከ ቧሂት ድረስ እሳቸው በሸሚዝ ሄዱ። ጋቢውን ጨነቅ ላይ መለሰችላቸው። ስማቸውን ግን አልጠየቀችም። እኔም አልጠየቅኩም። ከአምስታችን ስማቸውን የሚያውቅ የለም።

27. የመጨረሻው መልስ የደባርቁ ሰው ነው። ወሩንና ዓመቱን አይቷል። በቅሎዋ ምን ዓይነት እንደነበረች ጠየቀ፤ ሰውየው ደግሞ ከየትኛው መንደር እንደተቀላቀሉን። ዳማ በቅሎ እንደነበረች፣ በግራ ጆሮዋ ጫፍ ላይ ትንሽ ቁራጭ እንደጎደላት፣ ሰውየውም ከጭሮ ለባ አካባቢ እንደሆኑ ጻፍኩለት። በሚቀጥለው የገበያ ቀን ሰው እንደሚጠይቅልኝ ነግሮኛል።